የልዩ ፍላጎት ተማሪዎችና የወላጆቻቸው መብት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የፌዴራሉን ሕግ የተከተሉ ናቸው። ስቴታችሁ ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህ በታች ግን መውረድ አይችልም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ መብት አለው ሲባል በየትኛው ሕግ ነው?

ዋናው «አይዲያ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የልዩ ትምህርት ሕግ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1975 ነው። የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1990 ሲሆን በ2004 እንደገና ተሻሽሏል። ከ1975 በፊት ብዙ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች «ይህን ልጅ እኛ ማስተማር አንችልም» ብለው በር ይዘጉ ነበር። ዛሬ የልጁ ጉዳት የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን እንዲህ ብሎ መመለስ አይቻልም። ሕጉ በጥቅሉ ከ3 እስከ 21 ዓመት ላሉ ልጆች ነፃና ለእነሱ ተገቢ የሆነ ትምህርት እንዲሰጥ ያዛል።

ከአይዲያ ጎን ሁለት ሌሎች ሕጎች አሉ። አንዱ በ1973 የወጣው ሕግ ሴክሽን 504 ነው፤ ሰው ሁሉ «ፋይቭ ኦ ፎር» የሚለው። ሁለተኛው የ1990ው ኤዲኤ ነው። ሁለቱም በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላሉ። ትምህርት ቤት ስትሄዱ በብዛት የምትሰሙት ግን አይዲያንና 504ን ነው።

ዜጋ አይደለንም፣ ግሪን ካርድም የለንም። ልጄ ይህ መብት አለው?

አለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 «ፕላይለር» በተባለው የቴክሳስ ጉዳይ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ማስቀረት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ልጁ ትምህርት ቤት የመግባት መብት ካለው የልዩ ትምህርት መብትም አለው። ትምህርት ቤቱ በአካባቢው መኖራችሁን የሚያሳይ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለውም ተብሎ ልጅ አይመለስም።

ክፍያ አለው?

የለውም። ግምገማው፣ የንግግር ቴራፒው፣ ልዩ መጓጓዣው፣ በዕቅዱ ላይ የተጻፈ ታብሌት ካለም እሱ፣ ሁሉም ነፃ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሜዲኬይድ ወይም ኢንሹራንሳችሁን እንዲያስከፍሉ ፈቃድ ይጠይቋችኋል። እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እምቢ ብትሉም አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ልጄ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ከየት ልጀምር?

ከወረቀት። ለአስተማሪዋ በር ላይ ነግሬያት ነበር፣ እሷም እሺ ብላኝ ነበር የሚል ወላጅ ብዙ ነው። በር ላይ የተነገረ ነገር ግን ፋይል ውስጥ አይገባም። በጽሑፍ የጠየቀ ወላጅ ቀን ያለው ማስረጃ በእጁ ያዘ ማለት ነው። ለርዕሰ መምህሩ በኢሜይል ላኩ፤ የልዩ ትምህርት ኃላፊውንም ጨምሩበት። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ልጄ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በንባብ ከእኩዮቹ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁለት ሦስት ትዕዛዝ ባንድ ላይ ሲሰጠው ይጠፋበታል። ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆኑ እንዲታወቅ፣ ችግር ይኖርበታል ተብሎ በሚጠረጠርበት ዘርፍ ሁሉ ሙሉ ግምገማ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ። የፈቃድ ፎርሙን ላኩልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

የልጁን ስም፣ ቀኑንና ስልካችሁን አትርሱ። እንግሊዝኛው ባያምር ግድ የለም፤ ማንም ሰዋስው አያርምላችሁም። ትምህርት ቤቱ ከሁለት አንዱን ማድረግ አለበት። ወይ ፈቃዳችሁን ጠይቆ ይገመግመዋል፣ ወይ ለምን እንደማይገመግም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣችኋል። በፌዴራሉ ሕግ ግምገማው እናንተ ፈቃድ ከሰጣችሁበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ያልቃል፤ የራሳቸውን የጊዜ ገደብ ያወጡ ስቴቶችም አሉ። ልብ በሉ፣ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከደብዳቤው ሳይሆን ከፊርማው ነው። ስለዚህ ፎርሙ ከዘገየ አሁንም በኢሜይል ወትውቱ። «መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት አምጡ» ብሎ ማዘግየትም አይቻልም።

ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው ትምህርት ቤት አትሂዱ። ለሕፃናቱ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። እዚያ ከተጠቆመበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ግምገማውም የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባም መደረግ አለባቸው። ዶክተሩ እስኪልካችሁ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ራሳችሁ ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

«እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ነው፣ እስኪለምድ ጠብቁ» ይሉኛል። ልጠብቅ?

አትጠብቁ። ሕጉ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይላል። በአንድ በኩል፣ አንድን ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ «ልዩ ፍላጎት አለው» ብሎ መፈረጅ አይቻልም። በሌላ በኩል፣ እንግሊዝኛ እየተማረ ስለሆነ ብቻ ግምገማውን ማዘግየት አይቻልም። ግምገማውም በተቻለ መጠን ልጁ በሚችለው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ብቁ ሆኖ ከተገኘ ሁለቱንም ያገኛል፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፉንም፣ ልዩ ትምህርቱንም። «አንዱን ምረጡ» የሚባል ነገር የለም።

ከእናንተ የሚፈለገው ትልቁ መረጃ ደግሞ ልጁ በአማርኛ እንዴት እንደሆነ ነው። ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ቤት ውስጥ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል? አያቱ በስልክ ስታወራው ይገባዋል? የዕቃ ስም ይጠፋበታል? ታናሽ እህቱ በሱ ዕድሜ ከሱ የተሻለ ትናገር ነበር? ችግሩ በአማርኛም ካለ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ይህንን ጻፉና ስጧቸው።

በነገራችን ላይ «ቤት አማርኛ አታናግሩት፣ ግራ ይገባዋል» የሚል ምክር ዛሬም ይሰማል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም። ለልጃችሁ በምን ቋንቋ እንደምታወሩ የሚወስን ትምህርት ቤት የለም።

አይኢፒ እና 504 ምንና ምን ናቸው?

አይኢፒ ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ የሚጻፍ የራሱ የትምህርት ዕቅድ ነው። ለማግኘት ልጁ ሕጉ ከዘረዘራቸው 13 የጉዳት ዓይነቶች በአንዱ ስር መግባት አለበት፤ በዚያም የተነሳ ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ኦቲዝም፣ የንግግርና የቋንቋ ችግር፣ የመስማትና የማየት ችግር ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የማንበብ ችግር የሆነው ዲስሌክሲያ በ«መማር ላይ ያለ የተለየ ችግር» ስር ይገባል። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) ብዙውን ጊዜ የሚገባው «ሌላ የጤና ችግር» በሚለው ስር ነው።

504 ደግሞ ትምህርቱን እንደማንኛውም ልጅ ለሚከታተል፣ ግን መንገዱ እንዲመቻችለት ለሚፈልግ ተማሪ ነው። የስኳር ሕመም ያለባት ልጅ ክፍል ውስጥ ስኳሯን እንድትለካ፣ ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲያገኝ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የወላጅ መብት በአይኢፒ በኩል ጠበቅ ያለ ነው፤ ስብሰባው፣ ግቡ፣ የአገልግሎቱ የደቂቃ ቁጥር ሁሉ በሕግ የተዘረዘረ ነው። ስለዚህ ልጁ ማስተማር ራሱ በሌላ መንገድ የሚያስፈልገው ከሆነ «504 ይበቃዋል» ሲሏችሁ በቶሎ እሺ አትበሉ። ለምን አይኢፒ እንደማይሆን በጽሑፍ ይንገሯችሁ።

የአይኢፒ ስብሰባ ላይ ምን ማድረግ እችላለሁ? እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

አንዷ እናት ገብታ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስታይ ችሎት የቀረበች ይመስላታል። በተለይ እኛ መምህር ያለው ሁሉ ልክ ነው ተብለን ነው ያደግነው። መልሶ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እዚህ አገር ግን ዝም ያለ ወላጅ «ተስማምቷል» ተብሎ ይመዘገባል። በሕጉ ወላጅ የቡድኑ አባል ነው፤ እንደ እንግዳ ተጠርቶ የሚሰማ አይደለም። ከእናንተ ሌላ የልዩ ትምህርት መምህር፣ የመደበኛ ክፍል መምህር፣ የግምገማውን ውጤት ማስረዳት የሚችል ሰው፣ እና ስለ ትምህርት ቤቱ ሀብት መወሰን የሚችል የዲስትሪክቱ ተወካይ መገኘት አለባቸው። የመጨረሻው ሰው ዋና ነው። «አለቃዬን ጠይቄ እነግራችኋለሁ» የሚል ሰው ብቻ ከመጣ ስብሰባው ጎደሎ ነው። እናንተም ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ልጁን የሚያውቅ ቴራፒስት ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ ይቀየር በሉ፤ በስልክም ይሆናል።

ከስብሰባው በፊት የግምገማ ሪፖርቱን ጠይቁና በእርጋታ እዩት። የልጃችሁን ፋይል የማየት መብት አላችሁ። ከስብሰባው አስቀድሞ ሊያሳዩዋችሁ ይገባል፤ በምንም መንገድ ከ45 ቀን ማለፍ የለበትም።

ስብሰባው ላይ ዓይናችሁ ግቦቹ ላይ ይሁን። «ዮናስ ንባቡን ያሻሽላል» የሚል ግብ ባዶ ነው። በዓመቱ መጨረሻ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? «ዮናስ አሁን የ2ኛ ክፍል ጽሑፍ በደቂቃ 35 ቃል በትክክል ያነባል፤ በግንቦት 70 ይደርሳል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይለካል» ሲባል ግን የሚያዝ የሚጨበጥ ነገር አለ። አገልግሎቱም እንደዚያው ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ካያችሁ አስለውጡ። በሳምንት ስንት ጊዜ? ለስንት ደቂቃ? ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ልጆች ጋር? ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ዓመት እስኪሞላ ሳትጠብቁም ስብሰባ መጥራት ትችላላችሁ። ሙሉ ግምገማው ደግሞ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፤ የሚቀረው እናንተና ትምህርት ቤቱ አያስፈልግም ብላችሁ ከተስማማችሁ ብቻ ነው።

አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው?

አለባቸው፣ በነፃ። «ትንሽ እንግሊዝኛ ትሰማለች» ተብሎ አይታለፍም። ሥራ ቦታ የምትግባቡበት እንግሊዝኛና የሥነ ልቦና ሪፖርት የሚነበብበት እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። ታላቅ ወንድሙን ወይም ራሱን ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ደግሞ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። ልጅ ስለ ወንድሙ የተባለውን ክፉ ነገር ለእናቱ ለስለስ አድርጎ ነው የሚነግራት።

የመብታችሁ ዝርዝር የተጻፈበት ቡክሌትና የውሳኔ ማስታወቂያዎች በቋንቋችሁ መሰጠት አለባቸው፤ ይህ የሚቀረው በግልጽ የማይቻል ከሆነ ብቻ ነው። የአይኢፒው ሰነድ ራሱም በአማርኛ እንዲተረጎም በጽሑፍ ጠይቁ። አስተርጓሚው በስልክ ከሆነና መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ «አልገባኝም፣ ስብሰባው ይቀጠር» ማለት ነውር የለበትም።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አሉኝ። ልፈርም?

ምን እንደሆነ ሳታውቁ አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ፊርማ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተገኝቻለሁ» ነው፤ እሱን መፈረም ችግር የለውም። ሌላው «ተስማምቻለሁ» ነው። እሱን እዚያው መፈረም ግዴታ አይደለም። «ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ» በሉ። በከፊል ከተስማማችሁም «በንግግር ቴራፒው እስማማለሁ፣ በክፍል ለውጡ አልስማማም» ብላችሁ ጻፉበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የፌዴራሉ ሕግ የእናንተን ፈቃድ የግድ የሚለው በዋናነት ለግምገማ እና አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጀመር ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ ስቴቶች ዕቅዱን ለመለወጥ ፊርማችሁ ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ «አልፈረምኩም፣ ስለዚህ አይለወጥም» ብላችሁ አትቀመጡ። አለመስማማታችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። በሌላ በኩል፣ ልዩ ትምህርቱን በሙሉ ማስቆም ከፈለጋችሁ በማንኛውም ጊዜ በጽሑፍ ማቆም ትችላላችሁ። ግን መርጦ ማቆም አይደለም፤ ሁሉም ነው የሚቀረው፣ ጥበቃውም ጭምር።

ከእኩዮቹ ለይተው ሌላ ክፍል ሊያስገቡት ነው። ይችላሉ?

መነሻው ልጁ ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር በተቻለ መጠን አብሮ መማሩ ነው። መለየት የሚቻለው አስፈላጊው ድጋፍ ተሰጥቶትም እዚያ ክፍል በአጥጋቢ ሁኔታ መማር ካልቻለ ነው። «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሁሉ የሚማሩት እዚያ ክፍል ነው» የሚል መልስ ሕጉን አያሟላም። ውሳኔው በእያንዳንዱ ልጅ ነው። ጠይቁ፦ እዚሁ ክፍል እያለ ምን ተሞከረ? ረዳት ተሰጥቶት ነበር? ለስንት ጊዜ? ውጤቱስ የት ተጻፈ?

እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ክፍል የሚሻለው ልጅም አለ። ጫጫታ የሚያሳምመውን ልጅ 28 ተማሪ መሐል ማስቀመጥ አብሮ መማር ሳይሆን አብሮ መቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታም ዕልህም ወደ ጎን ይባል።

«ባጀት የለንም»፣ «እኛ ጋ እንደዚያ አይሠራም» ይላሉ። ምን ልበል?

«እሺ፣ በጽሑፍ ይሰጠኝ» በሉ። ወላጅ ከሚያውቃቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። ትምህርት ቤቱ የጠየቃችሁትን ሲከለክል፣ ወይም አንድ ነገር ሊለውጥ ሲል፣ የጽሑፍ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛው «ፕራየር ሪትን ኖቲስ» ይባላል። በውስጡ ምን እንደከለከለ፣ ለምን፣ በየትኛው መረጃ ተመሥርቶ፣ ሌላ ምን አማራጭ አይቶ እንደተወው መጻፍ አለበት። በቃል «ባጀት የለንም» ያለ ሰው ያንኑ ወረቀት ላይ ማስፈር ሲመጣ ያንገራግራል። ምክንያቱም ልጁ የሚያስፈልገውን አገልግሎት በገንዘብ እጥረት መንፈግ እንደማይቻል ያውቃል።

እናንተም ገደባችሁን እወቁ። ሁለት ተገቢ አማራጮች ካሉ ትምህርት ቤቱ ርካሹን መምረጥ ይችላል። ይህን የማስተማሪያ ዘዴ ወይም ያቺን መምህርት ካልሰጣችሁኝ ብሎ መያዝ ብዙውን ጊዜ አያስኬድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 «ሮውሊ» በተባለው ጉዳይ ሕጉ ከሁሉ የላቀውን ትምህርት እንደማያስገድድ ተናግሯል። በ2017 ደግሞ ኦቲዝም ባለበት በኮሎራዶ ልጅ ጉዳይ፣ በ«ኢንድሩ ኤፍ»፣ እንዲያው ለስም ያህል የምትሆን ለውጥ እንደማትበቃ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንፃር ተገቢ እድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ዘንድሮ የተጻፈው ግብ ከአምናው ጋር ቃል በቃል አንድ ከሆነ ይህንን ጉዳይ አንሱ።

በግምገማው ውጤት አልተስማማሁም።

በውጭ ባለሙያ፣ በዲስትሪክቱ ወጪ እንዲገመገም መጠየቅ ትችላላችሁ። ለአንድ ግምገማ አንድ ጊዜ ነው። ዲስትሪክቱ ሳያዘገይ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ግምገማው ትክክል እንደነበር ለማስረዳት ራሱ የክርክር ሂደት ይጀምራል። ለምን እንዳልተስማማችሁ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ መልስ መስጠት ግን ግዴታችሁ አይደለም። ከራሳችሁ ኪስ ያስመረመራችሁት ውጤት ካለም ቡድኑ ሊያየው ይገባል።

ጠባዩ አስቸገረን ብለው በየጊዜው «መጥታችሁ ውሰዱት» ይላሉ።

ይህ ሥራ የሚያስጥል ጣጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይመዘገብ ያልፋል። ልጁ በጠባዩ ምክንያት ቀኑ ሳያልቅ ወደ ቤት ሲላክ እንደ እገዳ ሊቆጠር ይችላል። በተደወለ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የደወለውን ሰው ጻፉ። ማታ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ «ዛሬ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ውሰዱት ተብዬ ወስጄዋለሁ። ይህ እገዳ ነው ወይ?» እዚህ ላይ ሰዓቱን በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ጻፉት፤ አለዚያ የጠዋቱ ነገር የምሽት ይሆናል።

በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ፣ ወይም ተደምሮ ተደጋጋሚ በሚመስል መልኩ ከ10 ቀን በላይ ከትምህርት ገበታው ሊያስወጡት ሲሉ፣ ውሳኔው በተላለፈ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ስብሰባ መደረግ አለበት። ጥያቄው ሁለት ነው። ድርጊቱ ከጉዳቱ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው? ወይስ ትምህርት ቤቱ አይኢፒውን ስላልፈጸመ የመጣ ነው? ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ልጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የጠባዩ መንስኤ ተጠንቶም ዕቅድ ይወጣለታል ወይም የነበረው ይሻሻላል። የጦር መሣሪያ፣ ዕፅ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ጉዳይ ከሆነ ግን እስከ 45 የትምህርት ቀን ሌላ ቦታ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ማስተማሩ ግን አይቋረጥም።

ካርዱ ላይ ሁሉም ኤ እና ቢ ነው። ልጄ ግን ማንበብ አይችልም።

ወላጅን የሚያዘናጋ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ማርክ የጥረት ሽልማት ተደርጎ ሊሰጥ ይችላል። ሕጉ ልጁ ከክፍል ክፍል እያለፈም ቢሆን ልዩ ትምህርት ሊያስፈልገው እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ካርዱን ተውትና ስለ አይኢፒው ግቦች የሚላከውን የእድገት ሪፖርት ጠይቁ። በዕቅዱ ላይ መቼ መቼ እንደሚላክ መጻፍ አለበት። ቤትም በዕድሜው የሚመጥን አንድ ገጽ አስነብቡት።

ይህ ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው የ«ፔሬዝ» ጉዳይ ያሳያል። መስማት የተሳነው ልጅ ነው፤ ከ9 ዓመቱ እስከ 20 ዓመቱ ሚሺጋን ስተርጂስ በምትባል ከተማ ተማረ። በክሱ እንደተገለጸው የተመደቡለት ረዳቶች የምልክት ቋንቋ በቅጡ የማይችሉ ነበሩ። ማርኩ ግን ጥሩ ነበር፤ በየዓመቱም ያልፍ ነበር። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዲፕሎማ እንደማያገኝ ለቤተሰቡ ተነገራቸው። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ የገንዘብ ካሣ በኤዲኤ ለመጠየቅ መጀመሪያ የልዩ ትምህርቱን የክርክር ሂደት መጨረስ ግድ አይደለም ብሏል። ካሣው አይዲያ የማይሰጠው ነገር ነውና።

ነገሩ ካልተፈታ ወዴት ልሂድ?

ከቀላሉ ወደ ከባዱ ጀምሩ። መጀመሪያ አስታራቂ አለ፤ ነፃ ነው፣ ሁለቱም ወገን ከፈለገ ብቻ ይደረጋል። ሁለተኛው ለስቴቱ የትምህርት ቢሮ የሚጻፍ ቅሬታ ነው። ጥሰቱ በተፈጸመ በ1 ዓመት ውስጥ ይገባል፣ ውሳኔውም በመደበኛው በ60 ቀን ይሰጣል። ጠበቃ አያስፈልገውም። «አይኢፒው ላይ በሳምንት 60 ደቂቃ ቴራፒ ተጽፏል፣ ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን አልተሰጠም» የሚል ዓይነት ጥርት ያለ ጉዳይ ካላችሁ በእኔ ግምት ምርጡ መንገድ ይህ ነው። አድልዎ ከሆነ ደግሞ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል።

ሦስተኛው «ዱ ፕሮሰስ» የሚባለው ክርክር ነው። ገለልተኛ ዳኛ አለ፣ ምስክር ይቀርባል። የጊዜ ገደቡ በመደበኛው ነገሩን ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን 2 ዓመት ነው። ዲስትሪክቱ በ15 ቀን ውስጥ ለመነጋገር ስብሰባ መጥራት አለበት፤ በ30 ቀን ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ መሰማት ያልፋል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ባለበት ቦታና አገልግሎት ይቆያል፤ ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ ግን የተለየ ደንብ አለ። ሌላው፣ የማስረዳት ሸክሙ የሚወድቀው በከሳሹ ላይ ነው። ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 የወሰነው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድ በመጣ ጉዳይ ነው። እንደ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ያሉ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ሸክሙን ወደ ዲስትሪክቱ አዙረውታል። ስለዚህ ማስረጃ ሳትሰበስቡ አትግቡበት።

በእያንዳንዱ ስቴት በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የወላጆች ማሠልጠኛና መረጃ ማዕከል አለ። በነፃ ያማክራሉ። ጠበቃ ከመቅጠራችሁ በፊት እዚያ ደውሉ።

ልጄ 18 ሊሞላው ነው። ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር። በአብዛኞቹ ስቴቶች የወላጅ መብት በሙሉ ወደ ተማሪው ይተላለፋል። ፈራሚው እሱ ነው የሚሆነው። ትምህርት ቤቱም ይህን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማሳወቅ አለበት። ልጁ ራሱ መወሰን የሚቸግረው ከሆነ ያንን አንድ ዓመት ተጠቀሙበት። ሞግዚትነት በፍርድ ቤት ይጠየቃል። ቀለል ያለ የውክልና ወረቀት የሚበቃበትም ጊዜ አለ። ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁ 18 በሞላው ማግስት «ለእናንተ መናገር አንችልም» ልትባሉ ትችላላችሁ።

ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ፣ በአንዳንድ ስቴት ከዚያም በፊት፣ አይኢፒው ከትምህርት ቤት በኋላ ስላለው ሕይወት ማውራት አለበት፤ ሥራ፣ ኮሌጅ፣ ራስን ችሎ መኖር። አውቶቡስ ብቻውን መያዝ መማር የዕቅዱ አካል መሆን ይችላል።

የመጨረሻው ወጥመድ ዲፕሎማው ነው። መደበኛ ዲፕሎማ የተቀበለ ተማሪ የልዩ ትምህርት መብቱ በዚያው ያበቃል። ሰርተፊኬት ብቻ የወሰደ ልጅ ግን እስከ ዕድሜ ገደቡ ድረስ መማሩን መቀጠል ይችላል። የዕድሜ ገደቡ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ 11ኛ ክፍል እያለ፣ የምርቃት ፎቶ ሳይታሰብ፣ የምትሰጡት የትኛውን ወረቀት ነው ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።